ጭው ጭው የሚለው ወለል

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፣ ዛሬ ላም የለችም። ዛሬ «የግንብ መሠረት» በሉ። በሉ እንጂ። ጎሽ።

በድሮ ጊዜ፣ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ በምትወጣበት በጃፓን አገር፣ ኮረብታ ላይ አንድ ነጭ ግንብ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያረፈች እርግብ ይመስላል። ሰዉም «የእርግብ ግንብ» ይለው ነበር። ያሠራው አንድ ደግ ጌታ ነው። የቆላው ሰው ሁሉ ከየቤቱ አንዳንድ ድንጋይ ተሸክሞ አወጣለት።

በዚያ አገር ወንበር ብሎ ነገር የለም። ጌታውም ሎሌውም ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ሥልጣን በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ በግንቡ ነዋ! በእርግብ ግንብ ውስጠኛው ክፍል፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ ሰው አገሩን ይገዛል። ደጉ ጌታ ተቀመጠ፣ ገዛ። ልጁ ተቀመጠ፣ ገዛ። የልጅ ልጁ ተቀመጠ፣ ገዛ።

ከዚያ ካገሞሪ የሚባል ጉልበተኛ መጣ። በሩን ሰብሮ ገባ። የልጅ ልጁን አባረረና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ እንጂ አልተደላደለም። ቀምቶ ያገኘ ሰው፣ ሁሉም የሚቀማው ይመስለዋል። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይደነግጣል። ድመት ስታስነጥስ ሰይፍ ይመዛል።

አንድ ቀን ሄይስኬ የሚባለውን አናጢ አስጠራው።

«ክፍሌን ዙሪያውን የሚከብ ወለል ሥራልኝ። ጠላት ሲረግጠው የሚጮህ ይሁን» አለው።

«ጌታዬ፣ መጮኹንስ ይጮኻል። ጠላትና ወዳጅ ግን አይለይም፤ እንጨት ነው» አለ ሄይስኬ።

«ይለያል ብያለሁ።»

ጌታ ይለያል ካለ ማን አይለይም ይላል? ሄይስኬ ሳንቃውን ደረደረ። ከሥሩ ብረትና ምስማር አደረገበት። ሳንቃው ሲረገጥ ብረቱ ከምስማሩ እየተፋተገ እንደ ወፍ ጫጩት «ጭው ጭው» ይላል።

ካገሞሪ ሕዝቡን በግቢው ሰብስቦ አዋጅ አስነገረ። «ወለሉ የጮኸበት ሰው ጠላቴ ነው። የለበሰውን ብቻ ይዞ የድንበሩን ወንዝ ይሻገር፣ አይመለስም። ማንም ይሁን ማን! ይህ ቃሌ ከታጠፈ እኔ የዚህ ግንብ ጌታ አይደለሁም።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

«መጀመሪያ አንተ ሂድበት» አለው ለአናጢው። ሄይስኬ የገለባ ጫማውን አወለቀ። በዚያ አገር በጫማ ቤት መግባት ነውር ነው። አንድ እግሩን አሳረፈ። ጭው!

«ጠላት ነህ፣ ውጣ» አለው ካገሞሪ። ወጣ።

ሚስቱ ኦሴን ባሏ ወንዙን ሲሻገር ቆማ አየች። አለቀሰች፤ ለምን አታልቅስ? ዓይኗን ጠረገችና «ባሌን ያባረረው ወለሉ ነው። የሚመልሰውም ወለሉ ነው» አለች።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ቁርስ ይዞ ገባ። ጭው ጭው!

«ጠላት ነህ፣ ውጣ።»

«ጌታዬ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

«ውጣ ብያለሁ።» ወጣ፣ ከነሾርባው።

የዘብ አለቃው ምን ተፈጠረ ብሎ ገባ። ግዙፍ ሰው ነው። የወፍ መንጋ የሰፈረ እስኪመስል ወለሉ ጭው ጭው ጭው አለ።

«ጠላት ነህ፣ ውጣ።»

«ጌታዬ፣ ይህን በር የሰበርኩልዎ እኮ እኔ ነኝ።»

«ማንም ይሁን ማን ብያለሁ።» እሱም ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን አብዷል? የገባ የለም። ካገሞሪም ወለሉ ከተሠራ ወዲህ ከክፍሉ ንቅንቅ አላለም፤ ፈሪ ምን ሊሠራ ይወጣል? የምትገባ የምትወጣው ድመቷ ብቻ ናት። ድመት ቀላል ናት፤ ወለሉ ዝም። «ወዳጄ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። ግን ድመት ሩዝ አትቀቅልም። አንድ ጊዜ አሳዝኗት አይጥ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ምን ታድርግ፣ ያላት እሱ ነው።

ይሄኔ ኦሴን ሩዝ ቀቀለች። ዓሣ ጠበሰች። ሽታው ግቢውን አወደው። «ኑ፣ ዛሬ ጌታችን ሊወጡ ነው» ብላ ሰዉን ጠራች። ሰዉም ወታደሩም ተከተላት። ጫማ የሚወለቅበት ደፍ ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ምሳ አምጥቻለሁ» አለች።

«አምጪው።»

«ስረግጠው ይጮኻል። ከጮኸ ጠላት ነኝ። የጠላት እጅ ያበሰለውን ይበላሉ?»

«እንግዲያው እዚያው ተይውና ሂጂ።»

«ድመቷ ትቀድምዎታለች። እርስዎ ይምጡ እንጂ። ጠላትና ወዳጅ የሚለይ ወለል፣ ባለቤቱን ያጣዋል?»

ካገሞሪ አሰበ። እምቢ ቢል ሰዉ ይስቅበታል። ሆዱም ጮኸ፤ ሆዱ ከወለሉ ይብስ ነበር።

ተነሣና አንድ እግሩን አሳረፈ። ጭው!

«ይህቺ ሳንቃ ላልታ ነው» አለና ተመለሰ።

ግድግዳውን ተጠግቶ በጣቶቹ ጫፍ ሄደ። ጭው ጭው!

«ብርዱ ነው» አለና ተመለሰ።

ድመቷን አየ። እንደሷ በአራት እግሩ ዳኸ። ጭው ጭው ጭው ጭው!

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወታደሮቹም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦሴን ግን አልሳቀችም። ግንባሯ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ወለሉ ጮኸብዎ።»

«ወለሉ ተሳስቷል።»

«ከተሳሳተ ባሌ ጠላት አልነበረም። ወጥ ቤቱም አለቃውም አልነበሩም። ይመለሱ፣ ቃልዎም ይታጠፍ። ቃሌ ከታጠፈ የዚህ ግንብ ጌታ አይደለሁም ያሉት እርስዎ ነዎት። ካልተሳሳተም ጠላት እርስዎ ነዎት፤ እንዳወጁት ወንዙን ይሻገሩ። የቱን ይመርጣሉ?»

ካገሞሪ ወታደሮቹን አየ። ወታደሮቹ ዓሣውን አዩ። በዚያ አገር እንግዳ ሊሄድ ሲል ጫማውን ወደ በር አዙረው ያስቀምጡለታል። አንድ ሽማግሌ ወታደር የካገሞሪን ጫማ አነሣ። የጫማውን ጫፍ ወደ በሩ አዞረና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ካገሞሪ ጫማውን አደረገና ወጣ። ኦሴን ከሩዙ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። ሆዱ ምን አጠፋ?

እሱ ሲሻገር ሄይስኬ ሲመለስ፣ ወንዙ መሃል ተገናኙ። «ወለሉ እንዴት ነው?» አለ ሄይስኬ። «ይጮኻል» አለ ካገሞሪ።

የደጉ ጌታ የልጅ ልጅም ወደ ምንጣፉ ተመለሰና «ይህን ወለል አፍርሱልኝ» አለ።

«አይፍረስ። ምንጣፉ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ መጀመሪያ እኛ ፊት ይሂድበት» አለች ኦሴን።

ከዚያ ወዲህ የእርግብ ግንብ ጌታ የሚሆን ሁሉ፣ ጫማውን አውልቆ በሕዝቡ ፊት ይሄድበታል። ወለሉ ጭው ጭው ይላል። ሰዉ ይስቃል። ጌታውም አብሮ ይስቅና ይቀመጣል። አልስቅም ያለ ጌታ ግን፣ ዘወር ሲል ጫማው ወደ በር ዞሮ ይጠብቀዋል።

አያችሁ ልጆቼ? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ ወለሉን ሳታስለቅሱ።