የባሩድ ምርቃት

የሞላለትን ነገር «ይበቃል» የማይል ሰው ሲያጋጥማቸው የአባይ በረሃ ቆለኞች የሚተርቷት ተረት አለች። በሁሉም አፍ ላይ ናት፤ ከአንድ የጥይት ቀለህ መወለዷን የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

ሙጬ የሚባል ገበሬ ነበረ። ማሽላው ለእሸት ሲደርስ ከርከሮ ገባበት። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያው ማሳ ብቻ ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰንብቷል። ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ጠመንጃ አለው፣ ጥይት ግን የለውም። ስለዚህ ሦስት የተተኮሱ ቀለሆች ቋጥሮ፣ ቀለህ እንደገና ወደሚሞሉት ሽማግሌ ወደ አያ ቢራራ ቤት ሄደ።

አያ ቢራራ ባሩድ የሚሰፍሩት በተቆረጠ የፍየል ቀንድ ጫፍ ነበር። ይሞሉና አፉን በቢላዋ ጥርግ አድርገው የተረፈውን ወደ ባሩዱ ቅል ይመልሱታል። ሙጬ ግራ ገባው። እንዴ! ገበያ ላይ እህል የምትሰፍር ሴት እንኳ ቁናውን ቆልላ፣ በላዩ ላይ በእፍኟ ትመርቅ የለም ወይ? እኒህ ሰውዬ ደግሞ የሞላውን ይጠርጋሉ!

«አያ፣ ምርቃቱስ?» አለ።

«የምን ምርቃት?»

«ትንሽ ጣል ቢያደርጉበት ምን አለ? ከርከሮው እኮ ወፍራም ነው።»

«የከርከሮውን ውፍረት ጠመንጃህ ምን ያውቃል? ብረት የሚችለው ልክ አለው ልጄ። ልኩ ሲያልፍ ወደፊት የሚሄደው እሳት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።»

እሳት ወደ ባለቤቱ? ሙጬ ጭራሽ ዞረበት። «ሰስተው ነው እንጂ!» አለ በልቡ። ሽማግሌው በቀለሁ አፍ ላይ የሚገጠመውን የጥይት እርሳስ ሊያመጡ ጓዳ ገባ ሲሉ፣ እጁን ከቅሉ ሰደደና ለሦስቱም ቀለህ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ መረቀላቸው። ደስ አለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከርከሮዎቹን ማሳው መሃል አገኛቸው። ወፍራሙ ላይ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ።

ድው!

ሙጬ ራሱን በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ጆሮው ይጮኻል፣ ጉንጩ ይለበልባል። የተኮሰው እሱ ነው፤ ታዲያ የተመታው ማን ነው? «ከርከሮው ተኮሰብኝ ወይ?» አለ። ቀና ብሎ ቢያይ ከርከሮው ማሽላውን ያኝካል፤ መሣሪያም አልያዘ።

ፍንዳታውን የሰሙት አያ ቢራራ እያለከለኩ ደረሱ። መጀመሪያ ዓይኑን ገለጥ አድርገው አዩት። «ተመስገን፣ ተርፏል!» አሉ። ከዚያ ጠመንጃውን አነሱ። የኋላው ብረት ተገንጥሏል፣ ቀለሁም አብጦ ተሰንጥቋል።

«ስንት ጨመርክበት?»

«ኧረ ምንም… ምርቃት ብቻ ነው አያ!» አለና እንባው መጣ። «የአባቴ ጠመንጃ! አሁን ማሳውን በምን እጠብቃለሁ? ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

ሽማግሌው ከርከሮዎቹን በድንጋይ አባረሩለት፤ እንደሚመለሱ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለው የተሰነጠቀውን ቀለህ መዳፉ ላይ አኖሩለትና፦ «አይ ሙጬ! የእህል ምርቃት ለጎተራ፣ የባሩድ ምርቃት ለመከራ» አሉት።