በቅንጭብ አጥር ቀዳዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸረሪት የሚፈራ። ጎረቤቴ ክፉ ያስብብኝ እንደሆነ በምን ልወቅ ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ልንገርህ።

ይህ ሰው ቤቱን ጠዋት ማታ ያስጠርግ ነበር። ሸረሪት በተኛ ሰው ላይ ትሸናለች፣ የሸናችበትም ይቆስላል ሲባል ሰምቶ፣ ጣራው ሥር አንዲት ክር ካየ እንቅልፍ የለውም። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። እሷ ድር አታነሣም። ሸረሪት ክሯን ለቃ ስትወርድ እንግዳ ይመጣል ይባላልና፣ አገር ጥሎ የሄደ ልጇን ትጠብቅበታለች። ሸረሪቷስ ከዝንብ በቀር የምትጠብቀው አልነበራትም።

ሰውየው አንድ ቀን አጥሩን ሲከረክም ዋለ። በማግስቱ አንገቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል አወጣ። ቤቱን ገለባብጦ ቢፈትሽ አንዲት ሸረሪት እንኳ አጣ።

«ከእኔ ቤት ከሌለች፣ ያቺ ሴትዮ ናት የምትልክብኝ» አለ።

«ኧረ እግዜርን ፍራ! ሸረሪት ይላካል እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው እሷን መሰለል ሆነ። ሁለቱን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነው። በየማለዳው ቅርንጫፉን ሰበር ሰበር ያደርግና በቀዳዳው ያያታል። ወደ ጣራዋ ቀና ካለች «ይኸው፣ እያዘዘቻቸው ነው» ይላል። ቁስሉም ከአንገቱ ወደ ጉንጩ ወጣ። በመጨረሻ አንድ ዐይኑ አብጦ ተከደነ።

ይሄኔ ሽማግሌ ሰብስቦ «ከሰፈራችን ትውጣልኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ፊቱን ሲያዩ ደነገጡ፤ ሊፈርዱለትም ነበር። ሴትዮዋ ጭንቅ ያዛት። ልጇ ቢመለስ የሚያውቀው ደጃፍ ያ ብቻ ነው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«እኔስ ምን እላለሁ፤ እጁን ያሳያችሁ።»

እጁን ዘረጋ። የቅንጭቡ ወተት መዳፉ ላይ ደርቆ ጠቁሯል።

«ጠዋት ጠዋት በቀዳዳው ሲያየኝ አየው ነበር» አለች። «ወንድሜ፣ ቅንጭብ በሰበርክበት እጅ ፊትህን አትንካ ልለው ፈልጌ፣ እንዳያፍር ብዬ ተውኩት።»

የቅንጭብ ወተት እንደሚያቃጥል ሕፃን ያውቃል። እሱም ያውቅ ነበር። የጠረጠረ ሰው ግን የሚያውቀውን ይረሳል። ሴትዮዋ ቤቷ ቀረች። የሰውየውም ቁስል ዳነ፤ ዐይኑ ግን አልተመለሰለትም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥርጣሬም እንደዚያ ወተት ነው፤ የሚያቆስለው ቅንጭቡን የሰበረውን ሰው ነው። አንተ ያ ሰው ነህ አላልኩም። ነገር ግን ጎረቤትህ ደጅ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ከማን ጋር እንዳንሾካሾከ ከተቀመጥክ ጀምሮ አንድ በአንድ ነግረኸኛል። ይህን ሁሉ በየት በኩል አየኸው? በል ተነሣ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።