ባንቲገኝ ለእናቱ የሠራው አልጋ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሞተ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ኧረ በሉ ጠንከር አድርጉት። ተረት ተረት!

«የላም በረት!!»

እሰይ፣ ተባረኩ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም እዚያ በሩ ላይ አትገተሪ፣ ብርዱን ታስገቢብኛለሽ። በሉ ጆሮ ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር፣ ባንቲገኝ የሚባል ገበሬ ነበረ። ጎበዝ ገበሬ ነበረ። ሲያርስ ትልሙ ቀጥ ያለ፣ ሲያጭድ ክንዱ የማይዝል፣ ሲጠሩት «አቤት» እንጂ «ምን» የማይል። አንድ ነገር ግን አይሆንለትም። እንጨት ሥራ አይሆንለትም። የመጥረቢያ እጀታ እንኳ ሲያስገባ ወይ ይሰነጥቀዋል፣ ወይ ያንሻፍፈዋል። ሚስቱ ትብለጥ በርጩማ ሥራልኝ አለችውና ሠራላት። ስትቀመጥበት ከነበርጩማው ተንከባለለች። ከዚያ ወዲያ መደብ ይሻለኛል አለች። ምን ታድርግ!

ይህ ባንቲገኝ እናት ነበረችው። ስሟ ይመኙሻል ይባላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመንደሩ ጫፍ፣ ጎርፍ ከቆፈረው ቦረቦር አፋፍ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር። ቦረቦሩም በየክረምቱ ጎርፍ ይገባበትና አፈሩን እየናደ ወደ ጎጆዋ ይመጣል። አምና አጥሯን በላ። ዘንድሮ የጎመን መደቧን ወሰደ። የቀረው ጎጆዋ ነው። ክረምቱም ደረሰ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ባንቲገኝ እየሄደ ይለምናታል።

፦ እማ፣ ተይ እኔ ጋ ግቢ። ይቺ ጎጆ ይህን ክረምት አትሻገርም።

፦ አልገባም።

፦ ለምን?

፦ በሰው ቤት ጥግ ይዤ አልቀመጥም።

፦ የልጅሽ ቤት የሰው ቤት ነው?

፦ ሚስት ያለችበት ቤት የሚስት ነው። እኔ እዚያ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት መዳብ ነው። ፊት ሲጠቁርብኝ ከማይ ቦረቦሩ ይብላኝ።

፦ እማ!

፦ ደግሞስ ምን ላይ ልተኛ? አባትህ የሠራልኝ አልጋ ይኸው እዚህ ነው።

እውነቷን ነው፤ አልጋው እዚያ ነበር። ግን የዚያ አልጋ እግሩ መሬት ውስጥ የተተከለ ነው። የተተከለውን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። ቆሞ ያለው በልማድ ነው እንጂ ቢነቅሉት ዱቄት ነው።

፦ አናጢው ልመንህ አዲስ ይሥራልሽ፣ አላት።

፦ ልመንህ ምኔ ነው? ከሙሽርነቴ ጀምሮ ጎኔን ያሳረፍኩት የራሴ ሰው በሠራው ላይ ነው። በማንም አልጋ አልተኛም።

እንዲህ ያለች ደረቅ አሮጊት ነበረች። ምን ያስቃችኋል? ማንን ነው የምታዩት?

ባንቲገኝ እያዘነ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንገድ ላይም አሰበ፣ አሰበና፣ «የራሷ ሰውማ እኔ ነኝ። እንግዲህ እኔው እሠራዋለሁ» አለ። ከዚያም ወደ ልመንህ ሄደና መሮ አውሰኝ አለው። ልመንህ ከት ብሎ ሳቀ።

፦ አንተ? ባንቲ? እንጨት እኮ እንደ በሬ በጅራፍ አይነዳም።

፦ ለእናቴ ነው።

ልመንህም ሳቁን አቆመ። መሮውን አውጥቶ ሰጠው።

፦ በል ውሰድ። ግራ ሲገባህ ና ጠይቀኝ። ጣትህን ግን አደራ፣ ለእህል መጉረሻ ትፈልገዋለህ።

ባንቲገኝ ግን ሄዶ ጠየቀ? አልጠየቀም። ወንድ አይደል! ወንዝ ዳር ወረደና ዋንዛ ቆረጠ። እርጥብ ዋንዛ፣ ገና ውሃው የሚንጠባጠብ። ያንኑ ጠረበና አልጋ አደረገው። ከዚያም የበሬ ቆዳ ነክሮ፣ ጠፍር ቀዶ፣ አልጋውን ጠፈረው። «እርጥብ ከእርጥብ ጋር አብሮ ይደርቃል፣ እንደ መንታ ይስማማል» ብሎ ነው። አልጋውንም ቶሎ እንዲደርቅ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆመው።

ወይ ጉድ! ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ረሳ። ጠፍሩ ሲኮማተር እንጨቱን ይስባል፤ እንጨቱ እርጥብ ነውና እሺ ብሎ ይሳባል። አልጋው ተጣመመ፣ ተጣመመና በመጨረሻ፣ እንደሚሸና ውሻ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። መንደርተኛው እየመጣ እያየ ሳቀ። ትብለጥም ሳቀች። ኋላ ግን የባሏን ፊት አየችና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

፦ ተው አትዘን፣ አለችው።

፦ እንዴት አላዝን? ዝናቡ መጣ። እናቴ እዚያ ነች።

፦ ሌላ እንጨት ፈልግ።

፦ ደረቅ እንጨት ከየት ላምጣ? እስኪደርቅ ክረምቱ ይወጣል።

ትብለጥ ቀና ብላ ቆጡን አየች። ቆጡ ላይ ባንቲገኝ ለሞፈር ያስቀመጠው ወይራ አለ። ጢስ የጠገበ፣ እንደ ብረት የጠነከረ ወይራ። ሞፈሩ ቢሰበር የሚተካበት እሱ ብቻ ነው።

፦ ሞፈሬን? አለ ባንቲገኝ ደንግጦ።

፦ ሞፈር ይተካል። እናት አትተካም። እኔ እናቴን ሳልጦራት ነው የሞተችብኝ። ያንተዋን አምጣልኝ።

ባንቲገኝ እንባው መጣ። ሚስቱን ግንባሯን ሳማት፣ ወይራውንም አወረደ።

እንግዲህ አሁን ስሙኝ። ባንቲገኝ ለመጀመሪያው ጥፋት ፀሐይን ነው የወቀሰ። «ፀሐይ ናት ያበላሸችብኝ» አለ። ስለዚህ ሁለተኛውን አልጋ ፀሐይ ዓይኗን እንዳትጥልበት ብሎ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ ሠራው። እግሮቹን ከአሮጌ ቀንበሮች አወጣ፣ ረዣዥም አድርጎ። ወርዱን ሰፊ አደረገው። ርዝመቱ ላይ ግን ተቸገረ። ወይራውን ሊያሳጥር መጥረቢያውን አነሣና እጁ እምቢ አለው። ገበሬ ሞፈር አሳጥሮ ያውቃል? «እንዲሁ ይቅር» አለና እንዳለ አስገባው። መጋጠሚያውንም በወይራ ሽብልቅ እየቀረቀረ መታው። ከዚያም ጠፍሩን ነክሮ ጠፈረው። እንጨቱ ደረቅ ነውና ጠፍሩ ሲኮማተር ንቅንቅ አላለም። ሲመቱት እንደ ከበሮ ድም የሚል አልጋ ሆነ። አምሯል አልልም። እዚህ ጎብጧል፣ እዚያ መጥረቢያ ስቶታል። ቆሟል ግን። በአራት እግሩ ቆሟል!

ባንቲገኝ እየሮጠ እናቱ ጋ ሄደ።

፦ እማ፣ አልጋሽ አለቀ!

፦ በእጅህ ሠራኸው?

፦ በእጄ።

፦ እሰይ የኔ ልጅ! በል አምጣልኝ።

፦ ወዴት?

፦ ወዴት ይላል እንዴ! ወደዚህ ነዋ። ጎጆዬ ውስጥ እተኛበታለሁ።

ባንቲገኝ ክው አለ። ቦረቦሩ ከግድግዳዋ ሥር ደርሷል፤ ማታ ማታ አፈሩ ሲናድ ይሰማል። አልጋውን ቢያመጣላት እዚያው ልትቀር ነው። አላመጣም ቢል ደግሞ የእናት ቃል ነው። የእናት ቃል እንዴት ይታለፋል? አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። የመንደሩንም ጎረምሶች ጠራ።

ጎረምሶቹ መጡ፣ አልጋውንም ተሸከሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በራሱ በኩል ሞከሩ፣ አልወጣም። በግርጌው ሞከሩ፣ አልወጣም። በጎኑ አጋደሙት፣ እግሩ መቃኑን ያዘ። ገለበጡት፣ አዞሩት፣ አንዱ ጣቱን ተቀጠቀጠና ጮኸ። አልወጣም እኮ ነው የምላችሁ! ልመንህም ጩኸቱን ሰምቶ መጣ።

፦ ባንቲ፣ አልጋውን ቤት ውስጥ ሠራኸው ወይስ ቤቱን አልጋው ላይ ሠራኸው?

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባንቲገኝ ግን አልሳቀም።

፦ መፍታት አይቻልም?

፦ ሽብልቁን ቀርቅረህ መተኸዋል። ላውጣው ብል እንጨቱ ይሰነጠቃል። የሚቀረው መቃኑን ነቅሎ ግድግዳውን ማፍረስ ነው።

፦ አፍርሱት! አለ ባንቲገኝ።

ትንሿ ልጁ ስንዱ ይህን ሰማች። ሰምታም ዝም ትላለች? እየሮጠች አያቷ ጋ ደረሰች።

፦ አያቴ! አያቴ! አባዬ ቤታችንን ሊያፈርስ ነው!

ይመኙሻል በትሯን አነሣች። ያች ጉልበቴን ጉልበቴን የምትል አሮጊት እንዴት እንደሄደች እንጃ! ልመንህ መጥረቢያውን ሲያነሣ ደረሰች።

፦ ማነው እሱ? ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሰው ቤት የሚያፈርስ? እስቲ ያንን አልጋ የተባለውን ጉድ አሳዩኝ!

ሰው ሁሉ ጥግ ጥግ ያዘ። ዓይኗ ደከም ስላለ አልጋውን በእጇ ነው ያየችው። ከራስጌው ጀምራ እየዳሰሰች ዞረችው።

፦ እዚህ ጋ ጎብጧል።

፦ አዎ እማ።

፦ እዚህ ጋ መጥረቢያ ስቶሃል።

፦ አዎ።

፦ እግሩ ምነው እንዲህ ረዘመ?

፦ ስትነሺ ጉልበትሽ እንዳይቸገር ብዬ።

፦ ስፋቱስ? ጭብጥ ለማትሞላ አሮጊት?

፦ ስንዱ ካንቺ ጋር ነው የምተኛው ብላለች።

፦ ይሁን። ርዝመቱስ? ከነበትሬ ልተኛ ነው?

 ትብለጥ ናት የመለሰችላት።

፦ ሞፈር መቁረጥ አልሆንለት ብሎ ነው፣ እሜቴ።

ይመኙሻል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቀች! ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥርሷን ያየ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ቤቱን በእጇ እያመለከተች ጠየቀች።

፦ ቤቱን አልጋው ሞላው። እናንተስ የት ልትተኙ?

፦ እኛማ ቁርበት አንጥፈን ከሥርዎ ነዋ፣ አለች ትብለጥ። የልጅ ጎን ምን ይሆናል ብለው ነው?

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጠፍሩ አልጮኸም፣ እግሩም አልተነቃነቀም። ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። ባንቲገኝ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

፦ እማ፣ ግድግዳውን አፍርሼ ልውሰድልሽ። ቃልሽን አልጥልም። ግን እፈራለሁ። እንዳላጣሽ እፈራለሁ።

እሷም ራሱን ዳበሰችው፣ እንደ ልጅነቱ።

፦ እኔም ፈርቼ ነው ልጄ። የእንግዳ መኝታ ጠዋት ተጠቅልሎ ጥግ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት መኝታዬ ሲጠቀለል እያየሁ፣ ዛሬ ልሂድላቸው፣ ነገ ልሂድላቸው እያልኩ መኖርን ነው የፈራሁ። ይሄን ግን ማን ይጠቀልለዋል? ይሄ ሁሉ ጎረምሳ ተሰብስቦ ማውጣት አቅቶት! ከቤት የማይወጣ አልጋ ያለው ሰው እንግዳ አይደለም።

ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

፦ ልመንህ! ያንን መጥረቢያ አስቀምጥ። የልጄን ቤት እንዳትነካ! እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ? ሂዱና ድስቴን፣ ጋቢዬን፣ ዶሮዎቼን አምጡልኝ። ዝናቡ ሳይቀድማችሁ ፍጠኑ!

ሮጡ። አመጡላት። ባንቲገኝም እናቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ትብለጥ ምንጣፉን አነጠፈች፣ ስንዱ ማንንም ሳትጠይቅ ዘላ ወጣችበት።

ክረምቱም ገባ፣ ዝናቡም ዘነበ። አንድ ቀን ጧት ባንቲገኝ ከውጭ ርሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት ነው።

፦ እማ… ጎጆሽን ጎርፍ ወሰዳት።

ይመኙሻል አዘነች፤ እንዴት አታዝን፣ የተዳረችባት፣ የወለደችባት ናት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አጠገቧ የተኛችውን ስንዱን ዘወር ብላ አየች፤ ጋቢዋንም አለበሰቻት።

፦ ግባ ልጄ፣ ዝናብ ላይ አትቁም፣ አለችው። እኔ ቤቴ ውስጥ ነኝ።

አለቀ። በሉ እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ አትቅሩ፣ የተረቴ ሒሳብ አለ! ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ለስለስ ካለው ከመሐሉ ነው ታዲያ። ቅርፊቱን ጥርስ ላለው ስጡት።