ክፍት የከረመው ጋጣ

በአንድ ወቅት፣ ወንድ ልጅ ከስሙ ይልቅ በፈረሱ ስም በሚታወቅበት አገር፣ በሩ አንድ ክረምት ሙሉ ሳይዘጋ የከረመ ጋጣ ነበር። ፍርድ እናውቃለን የምትሉ ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔ ይህን ነገር ብዙ ቦታ አውርቼዋለሁ፤ ሰሚዎቹ ተጣልተው ሲለያዩ እንጂ ተስማምተው ሲነሡ አላየሁም።

የፈረሱ ስም ገስግስ ነው። ጌታው አየነው ይባል ነበር፤ ግን በዚያ አገር ለወንድ አንዱን ስም እናቱ ታወጣለታለች፣ ሌላውን ፈረሱ ያወጣለታል፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው አባ ገስግስ ብሎ ነው። ሚስቱ የሻሽወርቅ ናት። እሷን ደግሞ «ሻሼ» ብሎ የሚጠራት ከባሏ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። ሦስት ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ደምለው፣ ቢያድግና አንለይ።

አየነው በግንቦት መጨረሻ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሊያስታርቅ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። «ወንዙ ሳይሞላ፣ ለሰኔ ሚካኤል እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። በሚካኤል ዋዜማ ወንዙ ሞላ፤ ሚካኤልም አለፈ። ከሙላቱ በኋላ ገስግስ ብቻውን፣ ኮርቻው ሆዱ ሥር ዞሮ፣ እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ ዳገቱን ወጣ።

ጎረቤት «ወዮ» ሊል አፉን ሲከፍት የሻሽወርቅ ከለከለች። «ሬሳ ያላየሁበትን ሞት አላለቅስም» አለች። ማዶ ሄዶ የሚጠይቅ እንዳይላክ፣ ያ ወንዝ ክረምት ከገባ እስከ መስቀል ሰው አያሻግርም። ከማዶ የሚጮኽ ቢኖርም ከውሃው ድምፅ የተነሣ አይሰማም።

ፈረሱን ጋጣ አስገብተው በሩን ዘጉበት። ያን ጊዜ ጉድ መጣ። ገስግስ ግንባሩን ከሳንቃው ጋር እያጋጨ ደሙን አፈሰሰ። በሩ ሲከፈትለት ቆመ። አልወጣም፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ዝም ብሎ አየ። በገመድ ቢያስሩት አንገቱ እስኪላጥ ታገለ፤ ቢፈቱት ረጋ። ነጎድጓድ ሲሰማ ወይም የአውሬ ጠረን ሲመጣበት ግን ወደ ገደሉ ሊበር ይነሣል። በጋጣውና በገደሉ መካከል ያለው ደግሞ አንዲት ጠባብ የገብስ ማሳ ናት።

በፈረስ ነገር አንቱ የተባሉ አባ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ተጠሩ። ፈረሱን ዞረው አይተው፣ ዓይኑን አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሻሽወርቅ፣ ይህ ፈረስ ጌታው ያለበትን ያውቃል። ወንዙ ሲጎድል ልቀቁትና ተከተሉት፤ ያደርሳችኋል። እስከዚያ ግን በር ብትዘጉበት ይሞታል፤ ገመድ ብታገቡበትም ይሞታል። ብታስመልጡት ደግሞ መንገዱን ይዞባችሁ ይሄዳል።»

«ቢሞትም አጥንቱን አገኛለሁ ነው የሚሉኝ?»

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

የሻሽወርቅ ልጆቿን ሰበሰበች። «አባታችሁ በሕይወት ካለ ያመጣልኛል፤ ከሌለም አጥንቱን ከአባቶቹ ጎን አሳርፈዋለሁ። ይህን ፈረስ በሩ እንደተከፈተ አክርሙልኝ» አለች። ልመና ነበር፤ የእናት ልመና ግን ከትእዛዝ ይከብዳል። ይህን ቃሏን በኋላ ስንት ጊዜ እንዳላመጠችው እሷ ናት የምታውቀው።

ታላቁ ደምለው ገበሬ ነው፤ በዚያ አቀበት እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚያርስ አልነበረም። ቁርበቱን አምጥቶ የጋጣው ደፍ ላይ አነጠፈና ጦሩን አቅፎ ተጋደመ። «ወደ ፈረሱ የሚገባ በእኔ ላይ ይራመድ» አለ። ዝናቡ ከውጭ ይመታዋል፤ የፈረሱ ትንፋሽ ከውስጥ ያሞቀዋል። አንድ ማለዳ ጉም ወርዶ አገሩ በጠፋበት ሰዓት የጅብ መንጋ መጣ። ደምለው ከደፉ ሳይነቃነቅ ተዋጋ። ጦሩ ሲሰበርበት ክንዱን ሰጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ጎረቤት ሲደርስ ፈረሱ ጭረት ሳይነካው ቆሟል፤ ደምለው ደግሞ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ቁስሉ ገና ሳይሽር ቁርበቱን በግራ እጁ እየጎተተ ወደ ደፉ ተመለሰ። የሻሽወርቅ «ተው ልጄ» ልትል ተነሥታ ነበር፤ ወንዙን አየችና ትታው ተመለሰች።

ጅቡ ቢባረርም ነጎድጓዱ አልቆመም። ወንዙ ባገሳ ቁጥር ገስግስ ጆሮውን ቀስሮ ወደ በሩ ይገፋል፤ ቆስሎ የተኛውን ሰው ሊረግጠው ምንም አይቀረው። ሁለተኛው ቢያድግ አንዲት ባዝራ ነበረችው። በእጁ ያሳደጋትና ስንዱ ለምትባል እጮኛው አባት ለጥሎሽ የተቆረጠች ናት፤ ለፍልሰታ እንድትሰጥ ቃል ታስሮባታል። ቢያድግ ባዝራዋን አምጥቶ ከገስግስ ጎን አቆማት። ፈረሱ አንገቱን በአንገቷ ላይ ጣል አድርጎ ረጋ፤ መብረቅ ቢወርድ እንኳ አልነቃነቅ አለ። ፍልሰታ ደረሰ፣ ባዝራዋ አልሄደችም። የስንዱ አባት ተቆጥተው ልጃቸውን ለሌላ ሊሰጡ ሲነሡ ስንዱ ራሷ በጭቃው መጣች።

«እኔን ነው ወይስ ፈረሱን?» አለችው።

«አባቴን» አላት ቢያድግ።

ስንዱ በመጣችበት ጭቃ ተመለሰች፤ አባቷም ለሌላ ዳሯት። ለስንዱ ብሎ የጀመረው ጎጆ ክዳን ሳይወጣለት ክረምቱ መታው፤ ግድግዳው እየቀለጠ ወርዶ ማገሩ ብቻ ቀረ። የሻሽወርቅ ልጇ በዚያ ማገር መካከል ተቀምጦ ሲያለቅስ አይታ እንዳላየች አለፈች። ባዝራዋን ውሰድ ብትለው ይወስዳት ነበር። አላለችውም።

ፈረሱ አልተበላ፣ አልሸሸም፤ ታዲያ እህል እምቢ አለ። ገብስ ቢቀርብለት ያሸትና ይተወዋል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ታየ። ትንሹ አንለይ ሲያወጋም ሲያንጎራጉርም ቁርጥ የአባቱ ድምፅ ነበረው። ሣጥኑን ከፍቶ የአየነውን በርኖስ ለበሰ፤ ጋጣው ደጅ ቆሞ እንደ አባቱ አፏጨ። «ገስግስ! የኔ ጌታ! ምነው ኰራህብኝ?» አለ። ፈረሱ አንገቱን አዙሮ አየው፤ መጥቶም ከመዳፉ በላ። ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ እንዲሁ ሆነ። ቆይቶ አንለይ በርኖሱን ከጋጣው ሲወጣ ማውለቅ ተወ። ቆይቶም በአባቱ መደብ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ከጋጣው «ሻሼ፣ እስቲ ገብሱን አምጪልኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ከየሻሽወርቅ እጅ ቁናው ወደቀ።  ለዚያች አፍታ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ለራሷ ይቅር ያላለችው ይህንኑ ነው። ከመሬት ላይ የፈሰሰውን ገብስ ለቅማ ወሰደችለት። ኋላ ደንግጣ «አንለይ፣ ልጄ» ብላ ብትጠራው፣ «አንለይ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል ይመጣል» አላት፣ በባሏ ድምፅ። ጠበል ረጩት፣ ድርሳን አስደገሙለት፤ ፈውስ ግን አላገኘም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ገስግስ ከረመ። በሩ ክፍት ነው፣ አንገቱ ላይ ገመድ የለም፤ ፈረሱ ግን ከጋጣው ውስጥ አለ። የየሻሽወርቅ ተስፋ አንድ ብቻ ነበረች፤ ወንዙ ይጉደል፣ ፈረሱ ይምራኝ፣ ከዚያ ልጆቼ የከፈሉት ሁሉ ዋጋ ያገኛል።

መስቀል ወጣ፤ ወንዙ ጎደለ። መንደሩ ሊከተል ተሰብስቦ ሳለ ገስግስን ለቀቁት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም፤ ዳገቱን ወርዶ በቀጥታ ወደ መሻገሪያው ሄደ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ቆመ። ይሻገራል ብለው ጠበቁ፤ አልተሻገረም። አንገቱን ወደ ውሃው ደፍቶ አንዴ አሽካካና እዚያው ቀረ።

ከማዶ የነበሩ ሰዎች አይተው ወረዱ። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «አባ ገስግስን ነው የምትፈልጉ? አስታርቆን በሚካኤል ዋዜማ ተነሣ። እደር ብለነው ነበር፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች አለ። መሐል ሲደርስ ደራሹ መጣ። ፈረሱን ብቻ ነው ሲወጣ ያየነው።»

የሻሽወርቅ ወደ አባ አድማሱ ዞረች። ሽማግሌው አቀርቅረው ነበር።

«ፈረሱስ አልዋሸንም» አሉ። «ቦታውን ይኸው አሳየን። ምን ይሁን፣ ውሃ ቦታ የለውም።»

አጥንት የለም። መቃብርም የለም። የደምለው እጅ፣ የቢያድግ ትዳር፣ የአንለይ አእምሮ፣ እነዚያ ሁሉ የተከፈሉት ገና በሰኔ ውሃ ለወሰደው ሰው ነው። የሻሽወርቅ አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ «ወንዙ ሞልቶ ሳለ ባል ነበረኝ፣ ልጆችም ነበሩኝ» አለች። 

ሬሳው ያልተገኘ ሰው ግን ሳይለቀስለት አይቀርም። በዚያ አገር ወግ ሬሳ ሲጠፋ ፈረሱ በጌታው ግላስና ኮርቻ ተሸልሞ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል፤ እሱ ነው እንደ አስከሬን የሚቆጠረው። የሚስበውም አንድ ልጅ ነው። ፈረሱን የሳበ ልጅ ፈረሱንና የአባቱን የፈረስ ስም ይወርሳል፤ ሌሎቹ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ከኋላ ይከተላሉ። ሁለት ሰው አይስበውም፣ ስሙም ለሁለት አይከፈልም። ማን እንደሚስብ የምትመርጠው ባልቴቲቱ ናት።

ሜዳው በሰው ሞላ። ገስግስ ተሸልሞ ቀረበ። ልጓሙ በየሻሽወርቅ እጅ ነው፤ ሦስቱ ልጆቿ ፊቷ ቆመዋል።

ደምለው የቀረችውን እጁን ዘረጋ። «እናቴ፣ ይህች እጅ ከእንግዲህ ሞፈር አትይዝም። የአባቴን ልጓም እንኳ ትያዝ» አለ።

ቢያድግ እጁን አልዘረጋም። «ልጄ ያለ ቤት ቀረ፣ ያለ ስምም ይቅር ካልሽ እሺ። ግን ከዚህ ሜዳ ወዲያ አታይኝም» አለ።

አንለይ በርኖሱን አስተካክሎ ቀረብ አለ። ይህ ልጅ የተሸለመውን ፈረስና የሚያለቅሰውን ሕዝብ ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን ብሎ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ተከለበት። አንለይ እናቱን በፍቅር አያት። «ሻሼ፣ ምን ሆነሻል? ፈረሴን ስጪኝና ወደ ቤታችን እንሂድ» አላት።

ሽማግሌዎች ይንሾካሾኩ ጀመር። አንዱ፣ «ታላቅ እያለ ታናሽ አይስብም፤ ደሙን ያፈሰሰም እሱ ነው» ይላል። ሌላው መልሶ፣ «ለሟች ክብር ጥይት ሲተኮስ የሚበረግግ ፈረስ በአንድ እጅ ይያዛል? ደግሞስ ደምለው የሰጠው አውሬ የነጠቀውን ነው፤ ቢያድግ ግን ማንም ሳይነጥቀው በገዛ አፉ ሰጠ» ይላል። ሦስተኛው፣ «ሁለቱ ፈረሱን ጠበቁት፣ ያኖረው አንለይ ነው። ልጓሙን ሲይዝ የአባቱን ሞት አውቆ ይመለስ ይሆናል» ይላል። አራተኛው ያማትባል፤ «ሟች የራሱን ለቅሶ ሊመራ ነው? ጭራሹን ቢጠፋስ?»

አልቃሽዋ ተነሥታ ነበር፤ የሻሽወርቅ በእጇ መለሰቻትና ራሷ ገጠመች፤

በሩን ከፍቼ ባድር ፈረሱ ሳይወጣ፣
ሦስቱን ልጆቼን ግን ቤቴ ቆጥሮ አጣ።

ሜዳው በለቅሶ ተናጠ። ሲረጋም የሁሉም ዓይን ወደ እጇ ተመለሰ። አንዱን ስትመርጥ ሁለቱን እንደምትቀብር ታውቃለች። ለማንም አልሰጥም ብትል ደግሞ የአየነው ስም በዚያች ቀን ይሞታል፤ ልጆቿም ያን ሁሉ የሆኑት ለምንም ይሆናል። ገስግስ በእሷና በልጆቿ መካከል ቆሞ ሰኮናውን መሬት ላይ ይጭራል፤ የሚስበውን ይጠብቃል።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ የቀረው የእናንተ ነው። እጁን የሰጠው ይሻላል፣ ፍቅሩን የሰጠው ወይስ ራሱን የሰጠው? እናንተ በየሻሽወርቅ ቦታ ብትሆኑ ልጓሙን ለማን ትሰጡት ነበር?