የልቅሶው ፎቶ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ እውነትም ነው። ችግሩ አስፈቅዶ ማንሳት አይወድም። «ሰው ካሜራ መኖሩን ሲያውቅ ፊቱን ያስተካክላል፤ እኔ የምፈልገው ያልተስተካከለውን ነው» ይላል። አነጋገሩ ስለሚያምር ማንም ተከራክሮት አያውቅም።

አንድ ቀን በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲያልፍ የልቅሶ ድንኳን አየ። መኪናውን አቁሞ ጠጋ አለ። ደጃፉ ላይ ጥቁር የለበሰች፣ ፀጉሯን የተቆረጠች ሴት ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። አስካለ ትባላለች፤ እሱ ግን ስሟን አልጠየቀም። ካሜራውን አውጥቶ ደጋግሞ አነሳት።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ አስፈቅደሃታል?»

«አባቴ፣ ባስፈቅዳት እኮ ማልቀሷን ታቆማለች።»

«ታቁማ፤ ምን ቸገረህ?»

ፈገግ ብሎ እጅ ነሳቸውና ሄደ። እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፎቶውን በስልኩ ለቀቀው። ሰዉም ተቀባበለው። እንዲህ ያለ ሐዘን አይተን አናውቅም እያሉ አደነቁት፤ እሱም ደስ አለው።

አስካለ ሩቅ ከተማ የምትኖር እምወድሽ የምትባል እህት አለቻት። እምወድሽ አራስ ናት። ቤተሰቡ ተመካክሮ መርዶውን ደብቋታል። ጠና ስትል ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቷ ገብቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ሊያረዳት ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው የወገኑን ሞት ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም። ደግ ልማድ ነው።

እምወድሽ ልጇን እያጠባች ስልኳን ስትነካካ ፎቶው ድንገት መጣባት። እህቷን አወቀቻት። ጥቁሩን ልብስ አየች፤ የተቆረጠውን ፀጉር አየች። ቤት ውስጥ ከሕፃኑ በቀር ማንም የለም። እናቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። አባቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። የወንድሟ ስልክ ዝግ ነው። አስካለማ እያለቀሰች ነው።

ፎቶ አንሺው የተጻፈለትን አድናቆት እያነበበ ሳለ አንድ አጭር መልእክት ላይ ደረሰ።

«ይህቺ እህቴ ናት። እባክህ ወንድሜ፣ ማን ነው የሞተው?»

ሊመልስላት ፈለገ፤ ግን ማን እንደሞተ አያውቅም። የሰውን ሐዘን ለአገር ሁሉ ሲያሳይ፣ የሚለቀስለት ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም ነበር። አፈረ። ፎቶውን ቢያጠፋው በሌሎች ስልክ ላይ ቀርቷል። ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ጉዳዩን ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ እነሱም እምወድሽ አጠገብ የሚኖሩ ዘመዶችን ፈልገው ላኩባት። ሰዎቹ ደርሰው የሞተው ወንድሟ መሆኑን እስኪነግሯት ድረስ እምወድሽ እናቷንም፣ አባቷንም፣ ወንድሟንም በየተራ ስትቀብር ዋለች።

ወዳጆቼ፣ ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። አስካለን ቢያስፈቅዳት ኖሮ «እህቴ ገና አልሰማችም፣ ተወኝ» ትለው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። ፊታችንን ማን እንደሚያየውና ማንን እንደሚጎዳ የምናውቀው እኛው ባለቤቶቹ ነን። ለዚህ ነው ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ የሚገባው፤ አይሆንም ያለንንም ሰው አመስግኖ ማለፍ።

እስቲ ስልካችሁን ከፈት አድርጋችሁ ተመልከቱ። ያላስፈቀዳችሁት ሰው ፊት በዚያ ውስጥ የለም?