ስንጥቁ ላይ የተኛችው ጉንዳን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው በረት የጉንዳን ነው። ጉንዳኖች ክረምት ሳይገባ እህላቸውን ከአሮጌው ጎተራ ወደ አዲሱ ሊያግዙ ነጋሪት አስመቱ። ጉዞው ሊጀመር ጥቂት ሲቀር መንገድ ዳሳሿ አሮጊት፣ ያንኑ መንገድ ለመቶኛ ጊዜ ረግጣ፣ ወገቧን ይዛ መጣች።

«አለቃችን፣ ከግራሩ ሥር አጠገብ መንገዱ ተሰንጥቋል። እህሉ እዚያ ከገባ አይወጣም።»

«አዲሱ ጎተራስ ደህና ነው?» አለ አለቃው።

«እሱማ ቤተ መንግሥት ነው። መድረሱ ነው እንጂ ጣጣው።»

«እርስዎ ደግሞ እትዬ፣ ስንጥቅ ሳያዩ አይውሉም! ነጋሪት ተመትቶ፣ ደመናው አናታችን ላይ ቆሞ፣ አሁን ጭቃ ልናቦካ ነው?»

አሮጊቷ ቀና ብላ ደመናውን አየች። እውነቱን ነው፤ ምርጊቱ ሳይደርቅ ቢረገጥ መንገዱ በሙሉ ይናዳል። ካልተደፈነ ደግሞ የዓመቱን ቀለብ ጉድጓድ ይበላዋል። በረጅሙ ተነፈሰችና ሄዳ ስንጥቁ ላይ በሆዷ ተዘረጋች።

ዘጠና ሺህ ጉንዳን፣ እያንዳንዱ ተራራ የሚያህል ስንዴ ተሸክሞ፣ በጀርባዋ ላይ አለፈ። «ይቅርታ» ያለ አንድም የለም፤ እንዲያውም አንዱ «ይቺ ቦታ ትመቻለች» ብሎ ቆሞ እግሩን ጠረገባት።

አንዲት ፍሬ ሳትጎድል እህሉ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። አሮጊቷ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፋ፣ እየተሳበች ጎተራው ደጅ ስትደርስ አለቃው እየሳቀ ተቀበላት።

«አዩ እትዬ፣ ያ ስንጥቅዎ የታለ? ለከርሞም በዚሁ መንገድ ነን!»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ማዛጋት ብቻ ሆነ።

እኔም ተረቴን አወረድኩ፤ የቻለ ይሸከመው።