በየማለዳው የሚታጠበው መኪና

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ደምመላሽ፣ ወንዝና አቀበት ሲሻገር ያረጀ የመስክ መኪና ነበራቸው። ዕድሜው እንዲረዝም በየማለዳው ያሳጥቡታል። ሾፌሩ «ዘይቱ ይቀየር» ባላቸው ቁጥር «አንተ ዝም ብለህ እጠበው!» ይሉታል። ሹም ያውቃልና እኛ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞችም ንጽሕና ለሞተር ይበጃል ብለን አመንን።

አንድ ቀን ከዞን የመጡ እንግዶችን እንዳሳፈረ መኪናው አቀበት ላይ ጭሱን ተፍቶ ቀጥ አለ። አስተዳዳሪው በእንግዶቹ ፊት ደነፉ፤

«በየቀኑ እየታጠበ ምን ጎድሎት ቆመ? አስረዳ፤ አለዚያ ቁልፉን አስረክበህ ወደ ቤትህ!»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቁልፉን ዘረጋላቸው።

«እንኩ ጌታዬ። ሳይበላ ሳይጠጣ የሚታጠብ አስከሬን ብቻ ነው። ሾፌር ብለው ቀጠሩኝ እንጂ እኔስ ገናዥ ሆኜ ነው የከረምኩት።»

እንግዶቹ በሳቅ ሲፈርሱ፣ አስተዳዳሪው ቁልፉን መልሰው ዘይት እንዲገዛ አዘዙ።